ኬንያ ላይ ሞተር ልከራይ ነው፤ ኢንሹራንሱ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ «ጋሼ፣ እኔና ጓደኛዬ ከጥምቀት በኋላ ለእረፍት ኬንያ ልንሄድ ነው። ናይሮቢ ላይ አንድ 250 ሲሲ ሞተር ተከራይተን ናይቫሻና ናኩሩ፣ ከዚያ ሞምባሳ፣ ከተመቸንም በናማንጋ ድንበር በኩል ታንዛኒያ፣ አሩሻ ድረስ ለመንዳት አስበናል። አከራዩ በዋትስአፕ ‹ኢንሹራንስ ኪራዩ ውስጥ አለ፣ አታስብ› ብሎኛል። የጉዞ ኢንሹራንስም ከአዲስ አበባ ገዝቻለሁ። የመሥሪያ ቤት ያማሃ ለዓመታት ነድቻለሁ፤ መንጃ ፈቃዴ ግን የአውቶሞቢል ነው። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ካወጣህ ሁሉም ያልቃል ያለኝ ሰውም አለ። ሌላ የምገዛው ነገር አለ? አከራዩ ፓስፖርቴን በመያዣነት ይፈልጋል፤ ችግር አለው?»

መልስ፦

ከመንጃ ፈቃድህ እንጀምር። እንደ ዋዛ ጣል ያደረግኸው ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ የቆመው ግን በእሱ ላይ ነው። ያማሃውን ለዓመታት መንዳትህ ጎበዝ ነጂ አድርጎህ ሊሆን ይችላል። መድን ድርጅት ግን ልምድህን አይቶ አይከፍልም። የሞተር ሳይክል ፈቃድ ራሱን የቻለ ምድብ ነው፤ የአውቶሞቢሉ አይሸፍነውም። የተሽከርካሪ ፖሊሲ (የመድን ውል)፣ የእኛም ይሁን የኬንያ፣ ነጂው ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ የጸና መንጃ ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳል። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ከሚጠየቁት ወረቀቶች አንዱ እሱ ነው። ምድቡ ካልገጠመ የሞተሩ ጉዳት አይከፈልም። የሐኪም ቤት ወጪህም እንዲሁ። የገጨኸው ሰው በሕግ የተጠበቀለትን ካሳ ቢያገኝ እንኳ፣ ከፋዩ ኩባንያ ዞሮ ገንዘቡን ከአንተ ይጠይቃል።

«እዚህ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ልትል ትችላለህ። አውቃለሁ። ከደሴ እስከ ወረኢሉ፣ ከሐይቅ እስከ መርሳ በአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ሞተር የሚነዳው ስንቱ ነው! ትራፊክ ፖሊስ አላስቆመህም ማለት ግን መድን ይከፍልሃል ማለት አይደለም። ትራፊኩ አይቶህ ሊያልፍ ይችላል። የካሳ ክፍል ሠራተኛው አያልፍም፤ ሥራው እሱ ነውና።

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይህን ችግር አይፈታም። እሱ የአገርህን መንጃ ፈቃድ በሌሎች ቋንቋዎች የሚያስረዳ ወረቀት ነው። እዚህ የሌለህን ምድብ እዚያ አይሰጥህም። ኢንተርኔት ላይ በዶላር የሚሸጡትን ደግሞ ገንዘብህን አታባክንባቸው። ሕጋዊው የሚወጣው መንጃ ፈቃድህ በተሰጠበት አገር፣ ሥልጣን ባለው አካል ብቻ ነው።

አሁን ወደ አከራዩ ቃል እንምጣ። ሰውየው ላይዋሽህ ይችላል። ሞተሩ ኢንሹራንስ አለው። የአንተ ስህተት ግን «ኢንሹራንስ አለ» ሲባል «እኔ ተሸፍኛለሁ» ብለህ መስማትህ ነው። አደጋ ሲደርስ ሦስት ተጎጂዎች ይኖራሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ሽፋኑ የተለያየ ነው። አንዱ የገጨኸው ሰው ነው። ሁለተኛው ሞተሩ፣ ማለትም ባለቤቱ። ሦስተኛው አንተ ነህ። በኪራይ ዋጋ ውስጥ «የተካተተው» ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው፣ ሲበዛ ሁለተኛው። ሦስተኛው በፍጹም የለም ብለህ ብታስብ አትሳሳትም።

የመጀመሪያውን እንየው። እኛ አገር ሦስተኛ ወገን የሚባለው፣ የገጨኸውን ሰው የሚክሰው መድን፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ እንደሆነው ሁሉ፣ ኬንያም ምዕራፍ 405 ተብሎ የሚታወቅ ሕግ አላት። ሁለቱን አንድ አድርገህ እንዳታይ ግን። የኬንያው ሕግ ግዴታ የሚያደርገው የሞትና የአካል ጉዳት ሽፋንን ነው። የንብረት ጉዳት ግዴታው ውስጥ የለም። ናኩሩ ላይ የአንድ ሰው መኪና በር ብትጨረግድ፣ ሞተሩ ያለው ግዴታው ሽፋን ብቻ ከሆነ ከኪስህ ነው የምትከፍለው።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ጓደኛህን ይመለከታል። በዚያው ሕግ መሠረት ተሳፋሪ የግዴታው ሽፋን ውስጥ የሚገባው በክፍያ የሚጫን ሲሆን ወይም በሥራ ውል ምክንያት የተሳፈረ ሲሆን ነው። እረፍት ላይ ከኋላህ የተቀመጠ ጓደኛ ሁለቱንም አይደለም። ባለቤቱ የተሳፋሪ ሽፋን ጨምሮ ካልገዛ ጓደኛህ ባዶውን ነው የተቀመጠው። ጥፋቱ የአንተ ከሆነ ደግሞ ሊከስህ የሚችለው ራሱ ነው። እሱ እንኳ ባይፈልግ ቤተሰቡ ሊፈልግ ይችላል። ጓደኝነት በስብራት ሰዓት ይፈተናል፤ እኔ ሥራዬ ላይ ብዙ አይቼዋለሁ።

አሁን ሰዎች ጨርሶ የማያዩት ነገር አለ፤ ትንሽ ቆም ብለህ አንብበው። ፖሊሲው ላይ «የአገልግሎት ዓይነት» የሚል ቦታ አለ። ተሽከርካሪው ለምን ሥራ እንደሚውል እዚያ ይጻፋል። ለግል ተብሎ የተመዘገበ ፒካፕ ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ሰው በክፍያ ሲጭን ቢገለበጥ ምን እንደሚሆን የእኛ አካባቢ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ፒካፑ ኢንሹራንስ ነበረው፤ ግን ለዚያ ሥራ አልነበረም። የባለቤቱ የጉዳት ጥያቄ ውድቅ ይሆናል። የሚከራይ ሞተርም እንደዚሁ ነው። ባለቤቱ አረቦን (ለመድን የሚከፈለውን ገንዘብ) ለመቆጠብ ሲል «ለግል» ብሎ ያስገባውና ለቱሪስት ያከራየዋል። የምስክር ወረቀቱ ያው ነው፣ ቀኑም አላለፈም፣ ፖሊስ ቢያስቆምህ ያሳልፍሃል። ሞተሩ ሲወድቅ ግን መድን ሰጪው «እኔ ለኪራይ አልሸፈንኩም» ይላል፤ ትክክል ነው። ባለቤቱ ከኩባንያው ያላገኘውን ከማን ይጠይቃል? ከአንተ። ፓስፖርቱን ለምን እንደሚፈልግ አሁን ገባህ?

ስለዚህ አከራዩን «ኢንሹራንስ አለው ወይ?» ብለህ አትጠይቀው። «የፖሊሲውን ፎቶ ላክልኝ» በለው። የምስክር ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፖሊሲውን ከነሠንጠረዡ። እዚያ ላይ አራት ነገር ፈልግ፦ የሰሌዳ ቁጥሩ ከሞተሩ ጋር መግጠሙን፣ አገልግሎቱ ተከራይ ራሱ የሚነዳው ኪራይ መሆኑን፣ ከባለቤቱ ሌላ ሰው እንዲነዳ መፈቀዱን፣ የኤክሰሱን መጠን። «ቢሮ ነው ያለው፣ ስትመጣ ታየዋለህ» ካለህ ሌላ አከራይ ፈልግ። ናይሮቢ አከራይ አይጠፋም።

ኤክሰስ ማለት ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ከአንተ ኪስ የሚወጣው ድርሻ ነው። ሙሉ ዋስትና ያለው ሞተር እንኳ ኤክሰስ አለው፤ ሲሰረቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። አከራዮች ይህን ድርሻ ለመቀነስ በቀን ትንሽ ክፍያ ጨምርልን ይላሉ። እሱ ኢንሹራንስ አይደለም፤ አከራዩ «ከዚህ በላይ አልጠይቅህም» ብሎ የሚገባልህ ውል ነው። ስለዚህ ጥንካሬው ልክ እንደ ውሉ ጽሑፍ ነው። ጎማ፣ መስታወት፣ የፍሬን እጀታ፣ የተረሳ ቁልፍ ብዙ ጊዜ ውጭ ናቸው። ሞተር ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰበረውም መስታወቱና እጀታው ነው፤ አስቂኙ ነገር እሱ ነው። ውሉ ውስጥ ከአስፋልት መውጣትን የሚከለክል ሐረግ እንዳለም እይ። ጠጠር መንገድ ላይ ልትገባ ካሰብክ አስቀድመህ በጽሑፍ አስፈቅድ።

ወደ ሦስተኛው ተጎጂ እንሂድ፤ ወደ አንተ። አካልህን ሊሸፍን የሚችለው የጉዞ ኢንሹራንሱ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የገዛኸውን አሁኑኑ አውጣና አንብበው። መጀመሪያ ዞኑን እይ፤ ለሸንገን ቪዛ ተብሎ የሚሸጥ ፖሊሲ ኬንያ ላይ ላይሠራ ይችላል። ቀጥሎ «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል ፈልግ። ሞተር ሳይክል ከሚቀሩት ነገሮች ዋነኛው ነው። አንዳንዱ ጨርሶ አይሸፍንም። አንዳንዱ እስከ 125 ሲሲ ይፈቅዳል። የአንተ 250 ነው። ፈቅዶ እንኳ ቢሆን ሄልሜት፣ ተገቢ መንጃ ፈቃድና ከመጠጥ ነጻ መሆን ይጠይቃል። ኬንያ ላይ ሄልሜትና አንጸባራቂ ጃኬት ለነጂውም ለተሳፋሪውም የሕግ ግዴታ ነው፤ ሁለት ሁለት መኖሩን ከአከራዩ አረጋግጥ።

እዚሁ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የጉዞ ፖሊሲህ ውስጥ «ለሌላ ሰው ኃላፊነት» የሚል ክፍል ታያለህና ደስ ይልሃል። ዝርዝሩ ውስጥ ግን በሞተር ተሽከርካሪ የሚመጣ ኃላፊነት ይቀራል። ስለዚህ የአከራዩ ሦስተኛ ወገን ቢከሽፍ ይህ አይተካውም። ሁለተኛው፣ «የኪራይ መኪና ኤክሰስ እንከፍላለን» የሚል ካለ ባለአራት እግርን ብቻ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ጠይቅ።

ስትጠይቅ በስልክ አይሁን። የ1952ቱ የንግድ ሕግ መድንን የሚመለከተው ክፍሉ የመድን ውል በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። መድን ገቢው የሚያውቀውንና ለአደጋው ሚዛን የሚሰጠውን ነገር እንዲናገርም ያስገድዳል። ደውለህ «ሞተር ብነዳስ?» ስትል አንዲት ደግ ሠራተኛ «ችግር የለውም» ብትልህ ያ መልስ ካሳ ክፍል ሲደርስ ዋጋ የለውም። ኢሜይል ጻፍ። «ኬንያ ውስጥ 250 ሲሲ ሞተር ተከራይቼ እነዳለሁ፣ ቀኑ ከዚህ እስከዚህ ነው፣ የሕክምናና ወደ ሆስፒታል የማጓጓዝ ሽፋኔ ይጸናል ወይ?» በል። ይጸናል ካሉ ኢንዶርስመንት፣ ማለትም ፖሊሲው ላይ የሚጨመር ማሻሻያ፣ ይጻፉልህ። አረቦን ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ጨምረህ ክፈል። ከሁሉም ክፍያ ቅር ሳይልህ ልታወጣው የሚገባህ ይህ ነው። ናይሮቢ ያሉ የግል ሆስፒታሎች ከመተኛትህ በፊት ማስያዣ ይጠይቃሉ። ከከተማ ርቀህ ከወደቅህ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልግህ ማመላለሻ ነው። የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞች ለጎብኚዎች የሚሸጡት የአየር አምቡላንስ ሽፋን ለዚህ ይሆናል። እሱ ግን የሚያነሳህ እንጂ የሐኪም ቤት ሒሳብ የሚከፍልልህ ስላልሆነ የጉዞ መድኑን አይተካም።

ቢጫ ካርዱን በተመለከተ የተነገረህ ግማሽ እውነት ነው። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ነው። ታንዛኒያ ከኮሜሳ (ከምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ብትወጣም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቆይታለች። ካርዱ ግን ከሰው ጋር አይሄድም፤ ከተሽከርካሪ ጋር ነው። የራስህን ሞተር ከኮምቦልቻ በሞያሌ ይዘህ ብትገባ፣ የአገር ቤት ሦስተኛ ወገንህን መሠረት አድርገህ ከዚህ ታወጣ ነበር። የኬንያ ሰሌዳ ላለው ሞተር ግን የሚያወጣው የኬንያው ባለቤት ነው፣ ከኬንያ መድን ሰጪው። አንተ አዲስ አበባ ላይ ልታወጣለት አትችልም። ናማንጋን ለመሻገር ካርዱ ላይ ታንዛኒያ ተጠቅሳ መታየት አለባት። በዚያ ላይ ባለቤቱ «ሞተሬን ይዞ ድንበር እንዲሻገር ፈቅጃለሁ» የሚል የጽሑፍ ውክልና ሊሰጥህ ይገባል። የሞተሩ የራሱ የጉዳትና የስርቆት ሽፋን ድንበሩ ላይ ይቆም እንደሆነም ጠይቅ፤ ቢጫ ካርዱ ለሞተሩ ጉዳት አይከፍልም። (የቢጫ ወባ ክትባቱ ካርድ ሌላ ነው። እሱንም ያዝ፤ ከእኛ አገር ስትገባ ይጠየቃል።)

ፓስፖርትህን አትስጥ። ኮፒ ስጥ። ያለ ፓስፖርት ሆስፒታልም፣ ፖሊስም፣ አየር ማረፊያም ትቸገራለህ። ደግሞ ክርክር ቢነሳ ፓስፖርትህን የያዘው ሰው የፈለገውን ዋጋ ይጠራብሃል። በምትኩ ገንዘብ አስይዝ፣ ደረሰኝ ተቀበል። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የተለየ ችግር አለ። ውጭ አገር ማስያዣ በካርድ ላይ ይታገዳል፤ እኛ ብዙዎቻችን ከባንክ የወሰድነውን ጥሬ ዶላር ይዘን ነው የምንሄደው። ማስያዣው ከዚያው ላይ ስለሚቀነስ የጉዞ በጀትህን ስትሠራ የሌለህ አድርገህ ቁጠረው። ሞተሩን ስትረከብ ከሁሉም ጎን ቪዲዮ አንሳ፤ ጭረቱን፣ ጎማውን፣ የኪሎ ሜትሩን ንባብ። አከራዩም በቪዲዮው ውስጥ ይታይ።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ የወሎ ልማድህን ለጊዜው ተወው። እኛ ዘንድ ጠብም አደጋም በሽማግሌ፣ በአበጋር ይቋጫል። ይቅርታ ይጠየቃል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ነገሩ ይበርዳል። ደግ ባህል ነው። የመድን ውል ግን መድን ሰጪው ሳይፈቅድ ጥፋትን ማመንንና ክፍያ መስማማትን ይከለክላል። ጥሩ አስበህ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሳክምሃለሁ» ብትል የራስህን ሽፋን አፈረስከው። የተጎዳውን እርዳ፣ አምቡላንስ ጥራ፣ ፎቶ አንሳ፣ ለፖሊስ አመልክት። ኬንያ ፖሊስ ጣቢያ የሚሰጥህን የአደጋ ማስረጃ «አብስትራክት» ይሉታል። ያለ እሱ የካሳ ጥያቄ አይንቀሳቀስም፤ ሳትቀበል ከአካባቢው አትራቅ። ለአከራዩም ለጉዞ መድንህም በዚያው ቀን አሳውቅ።

ከኢንሹራንስ ወጣ ላለ አንድ ነገር ፍቀድልኝ። ኬንያም ታንዛኒያም በግራ ነው የሚነዳው። የኮምቦልቻን ቁልቁለት በጉም የወረደ ሰው ይህን ይንቀዋል። አውራ ጎዳና ላይ ከፊትህ የሚሄደውን ስለምትከተል አይከብድህም። አደገኛው ሰዓት ነዳጅ ቀድተህ ወይም ሻይ ጠጥተህ ባዶ መንገድ ላይ ስትወጣ ነው፤ እጅህ ሳታስበው ወደ ቀኝ ይወስድሃል። የመጀመሪያውን ቀን ከናይሮቢ አታስጀምረው፤ መሀል ከተማው ለመማሪያ አይሆንም። ሞተሩን ከከተማ ወጣ ብሎ የሚያስረክብህ ካለ ያንን ምረጥ።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። የሞተር ምድቡን መንጃ ፈቃድ አሁን አውጣ። ከጥምቀት በፊት ካልደረሰ ሞተር አትከራይ፤ «ቀስ ብዬ እነዳለሁ» የሚባል ሽፋን የለም። ከደረሰ ደግሞ ከ250 ወደ 125 ሲሲ ወይም ከዚያ በታች ውረድ፤ የጉዞ መድን የማግኘት ዕድልህ ይሰፋል። ጓደኛህም ፈቃድ ካለው ለየብቻ ተከራዩ፤ ከሌለው በማታቱ (በኬንያ ሚኒባስ ታክሲ) ይከተልህ እንጂ ከኋላህ አታስቀምጠው፣ የተሳፋሪ ሽፋን በጽሑፍ ካላየህ በቀር። የዘንድሮው ጉዞ ኬንያ ውስጥ ይቁም። አሩሻን ተው፤ ለአንድ ቀን መሻገር የሚጠይቀው ወረቀት ከደስታው ይበልጣል።

ገንዘብህ የማይበቃ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አትቀይር፦ መጀመሪያ የሕክምናና የማጓጓዣ ሽፋን፣ ቀጥሎ ለኪራይ የሚሠራ ሦስተኛ ወገን፣ የሞተሩ ጉዳት መጨረሻ። የሞተሩ ኪሳራ ልክ አለው፤ ከዋጋው አያልፍም። የሰው አካል ልክ የለውም። የጉዞ መድን ድርጅትህ በጽሑፍ «እንሸፍናለን» ብሎ ካልመለሰልህ፣ አከራዩ የቱንም ያህል የሚያምር ወረቀት ቢያሳይህ፣ ሞተሩን ተውና ለናኩሩ አውቶቡስ፣ ለሞምባሳ ደግሞ ባቡሩን ያዙ። ከናይሮቢ በቀጥታ ይወስዳችኋል፤ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ።